ጉርድ ትኬት

ከባሕር ዳር ወደብ፣ ከዋርካው ጥላ በታች፣
ትኬት እቆርጣለሁ፣ ቆርቆሮ ክፍል ውስጥ፣ መስኮቷ ባነሰች፤
ፊት አታሳይም እሷ፣ እጅ ብቻ ነው የምታስገባው፤
እናም ሰው ሁሉ ለኔ እጅ ነው፦ ሻካራው፣ ለስላሳው፣
የዓሣ ቅርፊት የለበሰው፣
ሳንቲም ሲቆጥር የሚንቀጠቀጠው።

አቶ ዳምጤ ሽባባውንም በእጁ ነው የማውቀው።
ቁንዝላ ከብት ሲያክም፣ ወይፈን ወግቶት ኖሮ፣
አውራ ጣቱ ላይ ጠባሳ አለ፣ እንደ ጨረቃ ጎብጦ፣ ዞሮ።

የምርጫው ሰሞን ነው። ቁንዝሎች ከጀልባ ሲወርዱ በተርታ፣
ጣታቸው ቀለም ነክቶ፣ ወሬያቸው በእልልታ፣
«ድምፃችንን ሰጠነው፣ ለዳምጤ!» ሲሉኝ በመስኮቴ፣
አንድ ነገር ወጋኝ እንደ እሾህ፣ ከአንጀቴ፦
ድምፁን የሰጠ ሰው፣ ከዚያ ወዲያ በምኑ ይጣራል?
የወሰደው ቢዘገይበት፣ በማን አፍ ይናገራል?

ሄደ። መስከረም ማብቂያ፣ ሰኞ፣ ምክር ቤቱ ተከፈተ።
ሰኔ ሠላሳ ተዘጋ። ሐምሌ ገባ፣ ዳምጤም በዝናብ መጣ።
«ለአራት ሰው ቁረጪልኝ» አለ፤ ሻንጣ ያዥ አለው፣ ተቀባይ፣
የቀበሌው ሊቀ መንበርም አብሮ፣ ጃንጥላ ዘርግቶ ከላይ።
ዘመኑን እንዲህ ነው የቆጠርኩት፤ በሐምሌ፣ በሐምሌ፣
አንድ አንድ ጉርድ፣ በጎማ ታስሮ፣ መሳቢያዬ ውስጥ።

ዘበኛው አለኸኝ ሬዲዮ አለው፣ ባትሪው በፀሐይ የሚሞቅ፤
ጉባኤ ሲኖር ደጄ ያመጣዋል፣ ጉዱን እንድናውቅ።
አፈ ጉባኤው «የምትደግፉ?» ይላሉ።
ከዚያ ዝም። ለካ እጅ ሲነሣ አይሰማም፣ ስንት ሆነው ቢያነሡ!
«የምትቃወሙ?» ዝም። «ድምፀ ተአቅቦ?» አንድ ሰው ይስላል።
መዶሻው ይመታል። ጸድቋል።
«ንጉሡም አፍ ነበረው፣ አፈ ንጉሥ የሚሉት፣
ጉባኤውም አፍ አለው» ይላል አለኸኝ፤ «እሺ፣ ጆሮውን ለማን ሾሙት?»

በሦስተኛው ዓመት አፈ ጉባኤው ተነሡ፣
አምባሳደር ተባሉ፣ ሩቅ አገር ደረሱ፤
ምክትላቸው ወጡ፣ ሴት ናቸው፣ ድምፃቸው ቀጭን፣
መዶሻው ግን ያው ነው፣ አመታቱም ያው፣ ሦስቴ፣ ደረቅ።
ከአባላቱ ሁለት ሞቱ አሉ፣ አንዱ ሚኒስትር ሆነ፤
ስም ዝርዝራቸው ቀበሌው ግድግዳ ላይ በክረምት ታጥቦ ባከነ።

አንድ ጊዜ ግን ሰማነው። አራተኛው ዓመት፣ ግንቦት።
«የተከበሩ ዳምጤ ሽባባው፣ ሦስት ደቂቃ አለዎት።»
ጉሮሮውን ጠረገ፤ «ክቡር ሚኒስትር፣ የኔ አገር ሴቶች
ምጥ ሲይዛቸው በደንገል ታንኳ ነው፣ በሌሊት፣ በነፋስ፤
ሐይቁ ላይ ይነጋባቸዋል፣ ወይ አይነጋላቸውም።
አንድ ሞተር ጀልባ፣ አንዲት ብቻ፣ ለወላድ…»
ደቂቃው አለቀ። መልሱም መጣ፦ «በጥናት ላይ ነው፤
አቅጣጫ ተቀምጧል።»
አለኸኝ ተነሣ፣ ጣናን ከዳር እስከ ዳር አየው፣
«የት ጋ ይሆን ያስቀመጡት?» ብሎ በዓይኑ ፈለገው።

ሰኔ ላይ በጀቱ ጸደቀ፣ «በአንድ ድምፀ ተአቅቦ።»
ወደቡ ተሟገተ ያን ለታ፣ ሥራ ፈቶ፣ ዋርካው ሥር ተሰብስቦ።
«ያ አንዱ ዳምጤ ነው!» ይላል ካፒቴኑ፣ መሐላ ጨምሮ፤
«ተወኝ እባክህ» ትላለች ዓሣ ሻጯ ንግሥቴ፣
«እሱ እጁን ለማውጣት ዶሮ አይቀድመውም።»

ሐምሌ ገባ። እጁም በመስኮቴ ገባ፣ ከነጠባሳው።
ጠየቅኩት፦ «ጋሼ፣ ያ አንዱ ሰው ማነው?»
እጁ ብሩ ላይ ቆመ። ዝናቡ ቆርቆሮዬን ይደበድባል።
«ያን ቀን» አለኝ፣ «እንዲያው ክንዴ ከብዶኝ ነበር።»
ታሞ? ፈርቶ? ደፍሮ? አልጨመረም።
ትኬቶቹን ወሰደ፣ አራት።

ዘንድሮ አምስተኛው ነው። ምሰሶው ላይ የሌላ ሰው ፎቶ፣
ሙጫው ገና እርጥብ። ጀልባው አንዴ ጮኸ።
ያች ጨረቃ ገባች በመስኮቴ፤ ካፍያ አርሷት፣ ቀለበት አልባ።
«ለስንት ሰው ልቁረጥ?» አልኩ፣ እንደ ልማዴ፤ ቀና ሳልል።
«ለአንድ።»
ቆየት አለና፣ ሣል ይሁን ሣቅ ያልለየሁት ነገር አሰምቶ፣
«ለዚያው ለአንዱ» አለኝ።

ቆረጥኩለት።
ጉርዱ እኔ ጋ ቀረ።