ሙልኪያ

ማደያው በር ላይ ልጁ "ናፍጣ የለም" አለኝ፤
ፊቱን እንኳ ሳያዞር በአገጩ አሳየኝ
ወደ ቦቴዎቹ ሰልፍ፣ ከከተማው ጀርባ፣
ነጩ መብራት አልቆ አቧራው ሲገባ።
እዚያ ነው ቀለቧ።
ባለ አስራ ስምንት እግር ዝሆኖች መካከል
ተራ ትጠብቃለች፣ ከሰንጋ ጋር ወንዝ እንደ ወረደች ፍየል።
ጉል ዛማን፣ የፔሻዋሩ፣ ከጋቢናው ጎንበስ ብሎ ያያታል፤
"ዛሬም አለች?" ይላል።

አለች።
ዕድሜዋ ከኔ በአራት ዓመት ያነሰ፣
ቀለሟ የሊዋ አሸዋ፣ ተቀብታው ይሁን ለብሳው እንጃ፣
ግራ በሯ በሽቦ የታሰረ፣
ሬዲዮዋ ከገዛኋት ጀምሮ ዝም ያለ፤
ማቀዝቀዣዋ ያስላል እንጂ አያቀዘቅዝም፤
ነሐሴ ላይ መሪዋን ያለ ፎጣ አልይዝም።

ሙሄ ነው ያስተማረኝ፣ የወረባቦው ሰው፣
ሙሰፋህ ጋራዥ ውስጥ ሃያ ዓመት ዘይት የለበሰው፤
"ናፍጣ" አለ፣ ፖምፓዋን ፈትቶ፣ ጥርሱ መሀል ብሎን ይዞ፣
"እንደ ቤንዚን ብልጭታ አይጠብቅም፤
እሳት ከውጭ አይለምንም።
አየሩ ይታመቃል፣ ይታመቃል፣ መሄጃ እስኪያጣ፤
ያኔ ነው ከገዛ ሆዱ እሳት የሚያወጣ።
ከዚያ ትነዳለች።"
ትነዳለች ሲል የቱን እንዳለ አልጠየቅሁትም፣
መንደዱን ነው መንገዱን።

ከፊል ማለት በኛ ቋንቋ ግማሽ ነው፣ ቁራሽ፣ ጎዶሎ፤
እዚህ ግን ከፊል ሙሉ ሰው ነው፣ ሙሉዬን ጠቅልሎ
ከመሳቢያው የቆለፈ።
አልጋዬ የሱ፣ አልጋው የቆመበት ግቢ የሱ፣
የማጠጣቸው ግመሎች፣ እያንዳንዳቸው በስም፣ የሱ፣
የስልኬ መስመር እንኳ በሱ ስም የወጣ።
ይቺ ብቻ፤
ከመዳፌ በምታንስ ካርድ ላይ፣ "ባለቤት" ከሚለው ሥር፣
ስሜ ተጽፏል። አረብኛ "ጫ" የለውምና
ጫኔ ሻኒ ሆኗል።
ይሁን። ሻኒ ባለመኪና ነው።
በአገሬ ሊብሬ ይሉታል፣ እዚህ ሙልኪያ፤
የላብ ደረሰኝ ነው በሁለቱም ገበያ።

ባለፈው የካቲት፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት፣
የከፊሌን የመጨረሻ ልጅ፣ ዳሒን፣
የወንበሯ ላስቲክ ያልተገፈፈ አዲስ መኪናውን
እስከ ሆዷ ቀብሮ አገኘሁት፣ ከሙረይብ ጉብታ ማዶ።
ቤንዚኗ ትጮሃለች፤ ጎማዋ የራሷን ጉድጓድ ይምሳል።
የአራቱን ጎማዬን አየር አስተነፈስኩ፣
ካቦውን አሰርኩ፣ ከባዱን ማርሽ አስገባሁ።
የኔዋ አልጮኸችም።
እንደ አሮጊት ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ጥቁር ጢሷን ተፍታ፣
ጎተተች፣ በዝግታ።

ልጁ አሸዋውን ከልብሱ አራግፎ፣ ኮፈኗን መታ መታ አድርጎ፣
"የአባቴ አሮጌ ናት?" አለኝ።
አስራ አንድ ዓመት በቋንቋው ታዝዣለሁ፤
ውሃ፣ ድርቆሽ፣ በር፣ ቶሎ፣ ነገ፣ እሺ እላለሁ፤
ይህ ቃል ግን እንደ ሕፃን እግር
አፌ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተደናቀፈ።
"ማል አና" አልኩ።
የኔ።
ሳቀ፤ ክፋት የለውም። "ለምን ናፍጣ?" ብሎኝ
መልሴን ሳይሰማ ሄደ፣ አቧራውን ትቶልኝ።
አራት ጎማ መንፋት አንድ ሰዓት ወሰደብኝ።

ካርዱ ጀርባ ላይ ቀን አለ። የኢቃማዬም ያው ቀን ነው፤
አንዱ ካልታደሰ ሌላው ወረቀት ነው።
አውቃለሁ።
ነገ ግን ሲነጋጋ፣ ብርዱ አሸዋውን ሲያጠነክር፣
ቁልፉን ከፊል አዞራለሁ፤
ትንሿ ብርቱካንማ መብራት እስክትጠፋ እቆጥራለሁ፤
ከዚያ ሙሉ።
ስታስል፣
ግመሏ ዘቢያ፣ ዘመድ የመጣ መስሏት፣
አንገቷን ከበረቱ በላይ ታወጣለች።