በቃለ ጉባኤው ያልሰፈረ

ከፖስታ ቤት ጀርባ፣ ሊፍቱ የቆመበት ቀን በማይታወቅ
አንድ ያረጀ ሕንፃ ውስጥ፣ ሦስተኛው ፎቅ፣
ጠባብ ክፍል አለች የማኅበራችን፤
ግማሿ የሬዲዮ ሬሳ፣ ግማሿ ወንበራችን።

እሑድ ነው፤ ሐምሌ ነው፤ የቸርችል ቁልቁለት
ጎርፉን አዝሎ ይወርዳል ወደ ለገሃር ፊት።
በመዝገብ ሥልሳ አንድ ነን። እኔ፣ ጸሐፊው፣ ቆጠርኩ፦
አሥራ ዘጠኝ። እንደገና ቆጠርኩ፤
ሻይ ያመጣልንን ልጅ ደምሬ ሃያ አልኩ፣
አፈርኩና ሰረዝኩ።

ደንቡ ግልጽ ነው፤ አንቀጽ አሥራ ሁለት፦
«ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ካልተገኙበት
ምርጫ አይካሄድም።» ያረቀቁት አቶ ሽባባው ናቸው፤
በቃል የሚጠቅሱትም እሳቸው፤
በየዓመቱ ሐምሌ ላይ፣ ሰማዩን አይተው፣
ጉባኤ የሚጠሩትም እሳቸው።

ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህ ይመዝገብልኝ።
አንቴናው በነፋስ የወደቀ ለት
በሥልሳ ስምንት ዓመታቸው ወጥተዋል ጣሪያው አናት፤
የቤት ኪራይ ሲጎድል ከጡረታቸው ሞልተዋል፤
ፈቃድ ሊያሳድሱልን ከቢሮ ቢሮ ተንከራተዋል።
ግን ማኅተሙ ኪሳቸው። የመዝገብ ሣጥኑ ቁልፍ ኪሳቸው።
የማሰራጫው ክፍል ቁልፍ፣ እሱም ኪሳቸው።
አሥራ አራት ዓመት ሊቀ መንበር፦
ደረጃውን ሲወጡ የምናውቃቸው በቁልፎቹ ድምፅ ነበር።

«አልሞላም» አሉ፣ መነጽራቸውን አጥፈው፤
«እንግዲህ ለከርሞ…» ጃንጥላ ተነሣ፣ ወንበር ተገፋ፣ አንዱን አዛጋው።

ያኔ ሲፈን — ከአምስት ኪሎ፣ ፈቃዷ ገና ሁለት ወሩ —
«ክቡር ሊቀ መንበር፣ ‹ካልተገኙበት› ነው የሚለው፤
መቀመጥ ተጠቅሷል በየትኛው መስመሩ?»
አለችና አዞረች ማስተካከያውን።
ሽሽሽ… ማን ይለያል የዝናቡንና የሞገዱን?

ጅማ መለሰ። ደሴ መለሰ። ከጎዴ አንዲት ነርስ
«ጀነሬተሩ ሳይጠፋ ቶሎ ቁጠሩኝ» አለች፣ ድምፅዋ እስኪቀጥን ድረስ።
አርባ ምንጭ፣ መቱ፣ ወልድያ…
አሥራ አንድ። አንድ ብቻ ጎደለ። ፉጨት። ዝምታ።
ከዚያ — ቲክ። ቲ-ቲክ። ታ።

ከአሶሳ ነው፣ አቶ ድንበሩ፤ ጉሮሯቸውን ታመው፣
ሐኪም ከቀደዳቸው ወዲህ ቃል አልወጣም ከአንደበታቸው።
ድምፅ የሌለው ሰው ድምፅ ሊሰጥ መጣ፤
ጉሮሮ ቢነሡት በጣቱ ቃል አወጣ።

ልጆቹ ተያዩ። ይህን ፊደል ከመካከላችን
የሚያነብ አንድ ሰው ብቻ ነው፦ ሊቀ መንበራችን።

ቢዋሹን አናውቅም ነበር። «ጫጫታ ነው» ቢሉን
ደረጃውን እንወርድ ነበር፣ «ለከርሞ» ተባብለን።
እርሳሴን ተቀብለው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣
ነጠላ ነጠላውን ለቀሙ፤
ጻፉ። ቆሙ።
ጮክ ብለው አነበቡት፦ «ሠላሳ አንደኛው እኔ ነኝ።
ሽባባው፣ ወንድሜ፣
ቁልፉን ካልለቀቅህ መቼ ልትሰማኝ ነው?
ተራ ልጠብቅ እስከ ዕድሜዬ ፍጻሜ?»

ለሬዲዮ ሰው ይህ የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ነው፦
ጣትህ ቁልፉ ላይ ሳለ የሌላውን አትሰማም።
ማንም አልሳቀም፤ ማንም ቀና ብሎ አላየም።

አቶ ሽባባው እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ሁለት ቁልፍ
አስቀመጡ፣ ከሻዩ ብርጭቆ ትንሽ እልፍ።

ምርጫው ተካሄደ። በአንድ ድምፅ ተሸነፉ።
የማን ድምፅ እንደሆነ እኔ፣ ጸሐፊው፣ አልጽፍም።

ቃለ ጉባኤውን በንጹሕ ገልብጫለሁ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ፊርማ ይዟል።
ማኅተም ብቻ ቀርቶታል።
ማኅተሙ ኪሳቸው ነው፤ ረስተውት ይሆናል።
ዝናቡ ሲያባራ እደውላለሁ ብዬ ነበር፤
ይኸው ነሐሴም ገብቷል።