ሰማይ ሲታረስ

ሻርጃ ውስጥ፣ ሮላ፣ አራተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ፣
ውሃው ምድር ቤት ገብቶ ሊፍቱን ገድሎት፣ መብራቱም ሄዶ፣
ኤሲው ዝም ብሎ፣ ሰው ሁሉ ከየክፍሉ በሙቀት ተሰዶ፣
ተደርድረን ተቀምጠናል፣ በአንድ ስልክ መብራት ስንተያይ።

ሙክታር ከታች፣ ኤሲ ጠጋኙ፣ መፍቻው ከኪሱ ወጥቶ፣
መኩሪያው ከላይ፣ ምግብ አድራሹ፣ ሞተሩን ጎርፍ አስበልቶ፣
ጦይባ መሃል፣ ፀጉር ሠሪዋ፣ እግሯን ዘርግታ፣
እኔ ከግድግዳው፤ ዓርብ ነው፣ የኔ ፋታ።

"ይሄን ዝናብ" አለ መኩሪያው፣ "ሰው ነው ያዘነበው፤
አይሮፕላን ጨው በትኖ፣ ደመናን ቆንጥጦ ነው ያስለቀሰው።
ሰው ሰማይ ቤት እጁን ሲሰድ መጨረሻው ይኸው ነው፤
ሞተሬን ማን ይክፈለኝ? ጨው በታኙን የት ላግኘው?"

ሙክታር ሳቀ። "ጨው እኮ ደመና አይወልድም፣ ወንድሜ፤
ያለውን ያዋልዳል እንጂ። ቁጥሩን አይቻለሁ ደጋግሜ።
ይሄ ማዕበል ባሕር አቋርጦ የመጣ፣ አገር የሚያህል ወርዱ፤
በቁንጥር ጨው ነው ካልን፣ ትንኝ ዝሆን ነዳች ነው ጉዱ።"

"የት አየኸው?" "አነበብኩ።" "ማን ጻፈው?" "የተማረ ሰው።"
"የተማረ ሰው አይደል እንዴ ያንን ጨው የበተነው?"

ጦይባ ገባች፦ "እሺ፣ ሰው ያዘንባል እንበል፤ ይሁን፤
ታዲያ ባቲ ላይ ሲደርስ ነው አይሮፕላኑ የሚረሳን?
ሦስት ዓመት አንጋጦ የከረመው፣ ማሽላ የዘራው አጎቴ
ጨው አጥቶ ነው? አፋር ጎረቤቱ! ጨው እንደሁ ሞልቷል ከቤቴ!"

"ደመና የለማ!" አለ ሙክታር። "የለም? ማን ወሰደው?
እዚህ ካራገፍከው፣ ማዶ ያለውን ሰው ድርሻውን ቀማኸው።
ከላይ ያለው ቦይ ከዘጋ፣ ከታች ያለው ምን ያጠጣል?
ደመናስ ቦይ ካለው፣ ዳኛው ከየት ይመጣል?"

ሙክታር መፍቻውን አዟዟረ። መልስ አላገኘም።

ጋሽ ወርዶፋ፣ የሕንፃው ጠባቂ፣ ባልዲውን አስቀምጦ፣
"አባቶች ምን አሉ?" አለ፣ ትንፋሹን ውጦ፤
"ሰማይ አይታረስ..."
"ታረሰ!" ጮኸ መኩሪያው። "በአይሮፕላን ሞፈር! ጨው ነው ዘሩ!"
ሳቅን። ደረጃው እስከ ጣሪያ አስተጋባ በዙሩ።
ከዚያ ሳቁ ቀጠነ።
ተረቱ ሌላ ግማሽ አለው፤
እሱን፣ የማይከሰሰውን፣
ማንም አልጨረሰው።
ሁሉም ወደ ስልኩ አቀረቀረ፤ ፈቃድ ያለው፣ የሌለው፣
ፓስፖርቱ በሰው መሳቢያ የተቆለፈበትም ሰው።

"አንቺስ፣ ዘነበች?" አለች ጦይባ፣ "በስምሽ ስንጣላ ዝም?"
ምን ልበል? እኔ ስሜን እንጂ ደመናን አላውቅም።
አባቴ፣ ደርቆ የከረመ ቆርቆሮ ድንገት ሲንኳኳ ሰምቶ
"ዘነበች" አለ፤ እኔን ይሁን ዝናቧን ሳይለይ፣ በደስታ ሞቶ።

ትናንት የማዳም ምድር ቤት እስከ ጉልበት ሲሞላ
አርባ አንድ ባልዲ ቀዳሁ፤ ቆጥሬያለሁ፤ ከዚያ በኋላ
ምንጣፉን በጀርባዬ አወጣሁ። መሐንዲሱ ልጃቸው
በስልክ "ተፈጥሮ ነው! ሰው አይደለም!" እያለ ሲሟገታቸው
(እነማንን እንደሁ እንጃ) "እግርህን አንሣ" አልኩት። አነሣ።
ክርክሩን ግን አልረሳ።

ያዘነበውን አላውቅም፤ ያደረቀውን አውቃለሁ።
ይሄን ልል ነበር። "እኔ እንጃ" አልኩ፤ ጫማዬን አነሣሁ።

ከጠዋት ሲያጓራ የዋለው ፓምፕ ዝም አለ። ሊፍቱ አፉን ከፈተ፤
ሳይንሱም ሃይማኖቱም ተጋፍቶ ገባ፣ ተከተተ።
ሊፍቱ ጮኸ።
"የመጨረሻው ይውጣ!" "እኔ አይደለሁም! የመኩሪያው ቦርሳ ከብዷል!"
"ስድስት መቶ ኪሎ ይላል" አለ ሙክታር፣ "ግን ሲሠሩት መጠባበቂያ ትተዋል።"
"ማን አለህ?" "አነበብኩ።" "ማን ጻፈው?"
በሩ ይዘጋል፣ ይከፈታል፤ የሚወጣ የለም፣ ማንም ማንን አልረታው።

ማዳም "ሁለት ሰዓት" ብላኛለች። በደረጃው ወረድኩ።
ሁለተኛ ፎቅ ስደርስም ድምፃቸውን ሰማሁ።
በሩ ላይ ያልደረቀ ኩሬ፤ ኩሬው ውስጥ ሰማይ፤
ቀሚሴን ሰብስቤ፣ ጫማዬን ይዤ፣
በመሃሉ አለፍኩ፣ ማንም ሳያይ።