መንካት ክልክል ነው

አርባ ሁለት ልጆች በአንድ ቅጥቅጥ አይሱዙ፣
ሹፌሩ ሲቆጣ እነሱ ሲያፌዙ፣
ከደብረ ብርሃን ጫፍ፣ ከፋብሪካው ማዶ፣
ድንኳን ተተክሏል ነጭ ሸራ ተጋርዶ።
«የግብርና ትርኢት» ይላል በሩ ላይ፤
ጥር ነው፤ ውርጩ አልለቀቀም ቢወጣም ፀሐይ።

እኔ አስተማሪ ነኝ፣ ክፍሌ አምስተኛ፣
ልጅ እንዳይጎድልብኝ ስቆጥር ለአሥረኛ።
በየደብተራቸው አለ አንድ ጥያቄ፣
ትናንት በሰሌዳ የጻፍኩት ጠንቅቄ፦
ዛሬ ምን ተማርክ? ዛሬ ምን ተማርሽ?
ከአሥር ይታረማል፤ ገጹ ሳይበላሽ
በንጹሕ ይጻፍ።

የመንዝ በግ አየን፣ ጸጉሩ ተበጥሮ፣
አንገቱ ላይ ሪባን እንደ ሚዜ አስሮ።
የጅሩ ሰንጋ አየን፣ ቆሞ የሚያንጎላጅ፣
ዋጋው የሚነገር እንደ ሹመት አዋጅ።
ድንቹም ጉድ ነው፣ የሕፃን ራስ ያህላል፤
(ጠየቀኝ ታምራየሁ፦ «ቲቸር፣ በግ ይነክሳል?»)
በየጠርሙሱ አንገት፣ በየሣህኑ ላይ፣
መንካት ክልክል ነው ይላል፣ በደማቅ ቀይ።

ወጣቱ ባለሙያ፣ ነጭ ካፖርት ለብሶ፣
አንድ ጭብጥ እህል ከሣህን አፍሶ፣
«ይህ ምንድነው ልጆች?»
«ስንዴ!» «ጤፍ!» «ሩዝ!»
(ሳይንስ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፤ የኔው መዘዝ።)

እልፍነሽ ከኋላ፣ የሹራቧ እጅጌ ጣቷን የዋጠባት፣
ሦስት ወር ሙሉ በክፍል አንድ ቃል ያልሰማሁባት፣
«ማጌ ነው» አለች።
«ምን?»
«ማጌ። ገብስ ነው። ያኛው እህልዘር ይመስላል፤
ስሙን ግን በቁጥር ቀይራችሁታል።»
ባለሙያው ዞረ፣ ወረቀቱን ገልጦ፤
«ልክ ናት» አለ፣ ጥቂት ደንግጦ።
አንዷን ፍሬ ወስዳ በጥርሷ ሰበረች፤
«ለቆሎ ደርሷል፤ ለዘር እንጃ» አለች።
«ከየት አወቅሽ?» አላት።
ዝም።

ከዚያ የአፈር ተራ፤ ሦስት ብልቃጥ ብቻ፣
አንዱ ዋልካ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ዳለቻ።
በዳለቻው ላይ፦ «ናሙና፣ ሰንበሌጥ ሜዳ»፤
ቀን፣ ጥልቀት፣ የአሲድ ልክ፣ ሁሉም ለእኛ እንግዳ።

ሰንበሌጥ ሜዳን ዛሬ ጠዋት አለፍነው፤
ቆርቆሮ ጣሪያ ነው፣ የግንብ አጥር ነው።
በሩ ላይ ዘበኛ፣ ሰማያዊ ለብሶ፣
እጁን አውለበለበ፣ ወዲያው መልሶ
ኪሱ ከተተው።
የማን አባት እንደሆነ አልጠየቅሁም ነበር።

«ያባቴ ማሳ ነው» አለች፣
ለእኔ አይደለም፣ ለብልቃጡ።
«ጓሉን ከምሮ፣ በኩበት አጢሶ፣
ገብስ ይዘራበት ነበር አመዱን በትኖ፣ አርሶ።
ክዳኑ ይከፈት?»

ባለሙያው ቀዩን ጽሑፍ አየ፤ እኔን አየ፤
ክዳኑን አላላና፣ ሌላ ነገር የሚፈልግ መስሎ፣ ዞር ብሎ ቆየ።
አሸተተች።
ለወጥ ጨው እንደሚቆነጥር ሰው በሁለት ጣት ቆነጠረች፣
ከደብተሯ አንድ ገጽ ገንጥላ ቋጠረች።
ማንም አልተናገረ። በጉ ብቻ ጮኸ፤
ታምራየሁ እኔ ኋላ ተሸሸገ።

ሰኞ ደብተር አረምሁ። አርባ አንዱ አንድ ዓይነት፦
ስለ ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ስለ ድንቹ ትልቅነት።
ለታምራየሁ ስምንት ሰጠሁ፤ «በግ አይነክስም» ብሏል።
የእሷን ስገልጠው፣ ጥያቄው ብቻ ተጽፏል፤
መልሱ ያለበት ገጽ የለም፤ የተቀደደ ጠርዝ ብቻ፣
ከጠርዙም ሥር ጠረጴዛዬ ላይ ረገፈ ዳለቻ።

እፍ ልለው ነበር። ትንፋሼን ስቤ
ያዝኩት።

ከአሥር ስንት ይባላል?
ቀዩ እስክሪብቶ ክዳኑ ወልቆ እጄ ላይ ነው።
ደወል ተደወለ።
አርባ አንዱን መለስኩ።