ስልሳ አንድ ሚሊዮን ነጥብ

ካናዛዋ ዘንቧል። ከዓሣ ተራ ጓሮ፣
ኩራሞቺ ተቀምጧል፣ ብሎን ላይ አቀርቅሮ።
ሺዙኖ ዘው አለች፣ ጃንጥላዋን አጥፋ፣
አዲሱን ካሜራ እንደ ጨቅላ አቅፋ።

«ስልሳ አንድ ሚሊዮን ነጥብ አለው ብለውኝ፣
የሦስት ወር ደመወዝ ቆጥረው ተቀበሉኝ፤
ታዲያ ያባቴ ፊት ለምን ሻከረብኝ?»

ምስሉን ከፍቶ አየው፤ የጀልባ መጠለያ፣
አንዲት ደካማ አምፖል ለሌሊቱ ማያ፣
ሽማግሌው ጎንበስ፣ መረቡን ሲጠግን፣
ጉንጩ ላይ አሸዋ፣ ቀይና አረንጓዴ ብትን።

ኩራሞቺ ዝም።
ሁለት እኩል ትሪ ይዞ ወጣ ደጃፍ፤
ባንዱ አራት ሳህን አስቀመጠ ከአፍ እስከ አፍ፤
በሌላው የሳኬ ሲኒ ደረደረ፣
ትከሻ ለትከሻ፣ አርባ ድረስ ቆጠረ።
ዝናቡ ግን ያው ነው፤ ለሲኒ ብሎ አልጨመረ።

«እዪው፤ ሳህኑ ጉንጭ ሞላ፣ ሲኒው ከንፈር አራሰ።
አርባውን ብታጠራቅሚው ግን፣ ከሳህኖቹ ደረሰ።»
ብሎ ፎቶውን አተመው፣ በፖስትካርድ ልክ፤
አሸዋው ጠፋ ካባትየው መልክ።
«የጎደለሽ ነጥብ አይደል፣ ብርሃን ነው» አላት፤
«አምፖሉን አስጠጊው።» ሒሳብም አላስከፈላት።

ማታ አምፖሉ ቀረበ፤ አዲስ ፎቶ ተነሳ።
አባትየው ምስሉን አጎላ፣ አሁንም አጎላ፣
የራሱን ፊት አልፎ፣ እጁንም አልፎ፣ ወደ ሌላ፣
ስልሳ አንድ ሚሊዮን ነጥብ መሃል ገብቶ፣
አንዲት የተበጠሰች የመረብ ዐይን አግኝቶ፣
«ይቺንስ አላየኋትም ነበር» አለና
መርፌውን ፈለገ።