አስራ አንድ እርምጃ

ከኤል ኤሂዶ ስወጣ፣ ከዚያ ከላስቲክ ቤት ባሕር፣
ሃያ ሁለት ቶን ቲማቲም ጭኜ ወደ ሰሜን ስበር፣
አስር ዲግሪ ነው ትእዛዙ፤ ከዚያ በላይ ከሞቀ
ዕዳው የኔ ነው፤ ደመወዜ መንገድ ላይ አለቀ።
ማቀዝቀዣው በናፍጣ ከኋላዬ ያጓራል፤
ለሣጥኑ ብርድ ሊሠራ ሰማዩን ያሞቃል።

ሞንቴሊማር ስደርስ ግን በረዶ መንገዱን ዘጋ፤
መኪና ከመኪና ኋላ፣ ቆመን አደርን እስኪነጋ።

ከጎኔ የቆመው ሹፌር ቲመን ነው፣ የሆላንድ ሰው፤
ቁመቱ ጣራ የሚነካ። ሲጋራዬን ስለኩሰው
በተሰባበረ ፈረንሳይኛ «ምን ጫንክ?» አልኩት።
«ቲማቲም።»
«ወዴት?»
«ቫሌንሲያ።»
ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

የሱ በመብራት የበሰለ፣ ሌሊቱን ቀን ተደርጎለት፤
የኔ በበረሃ ውሃ፣ ጉድጓዱ እየጠለቀለት።
ካንዳንድ ሣጥን አንዳንድ አወጣን፣ በኪስ ቢላ ሰነጠቅን፤
ጨው ከኔ፣ ዳቦ ከሱ፣ በጨለማው አላመጥን።
የትኛው የማን እንደሆነ፣ እውነቱን ልናገር፣
ጠፋን።

«እዚሁ እንቀያየር» አለ፣ «ጭነቱን ብቻ፤
አንተም ወደ ቤትህ፣ እኔም ወደ ቤቴ፤ ማን ያውቃል?»
ማንም አያውቅም ነበር። ከደረሰኙ በቀር።
ሲነጋ መንገዱ ተከፈተ፤
እኔ ወደሱ አገር፣ እሱ ወደኔ አገር
ጥሩምባ ተነፋፍተን ተላለፍን።

ይኸው ሦስት ዓመት ሆነኝ፣ ጣቢያ ከገባሁ።
ማታ ማታ ባቡሩ ይመጣል፣
የሠላሳ መኪና ሸክም ባንድ ጀርባው አዝሎ ይሄዳል።
መኪናዬን ሸጥኩ። አልዋሽም፣ የሸጥኩ ቀን አለቀስኩ፤
ከኤሌክትሪክ ሽቦ ሥር ቆሜ ሣጥን መቁጠር ለመድኩ።
ወገቤ ዛሬም ያመኛል። ራቴን ግን እቤቴ እበላለሁ።
ኤንካርና ትስቅብኛለች፦
«ያን ማቀዝቀዣ ሸጥከው ወይስ ዋጥከው?
ስትተኛ ያጓራል።»

ቲመንም መንዳት ትቷል። አልፎ አልፎ ይጽፍልኛል።
«እኛ ቤት እስከ ሐምሌ ቲማቲም የለም» ይላል፤
«ጥቅል ጎመን፣ ድንች፣ ካሮት፣ ደግሞ ጥቅል ጎመን።
ልጆቹ አኩርፈዋል። እኔም፣ ለማንም አትንገር፣
መጋቢት ላይ ሱቁ በር ቆሜ ቀዩን አይቼ
ምራቄን ውጬ ተመለስኩ።»

ሐምሌ ገባ፤ ፎቶ ላከልኝ፦ አንድ ቲማቲም፣ ጠማማ፣
ጎኑ የተተረተረ፣ ገበያ የማይወጣ፣
ከሥሩ ጨው የተነሰነሰበት ሳህን።
«ስንት ኪሎ ሜትር መጣ?» ብዬ ጻፍኩለት።
«አስራ አንድ እርምጃ» አለ፣ «ከጓሮ እስከ ገበታ፤
የኔ እርምጃ ግን ረጅም ነው፤
ባንተ አስራ አምስት ቢሆን ነው።»