ሁለት መቶ አሥራ ሰባት

ክረምት ነው። አዌቱ ድልድዩን ሲገፋ፣
መብራቱ ሁለቴ ተርገብግቦ ሲጠፋ፣
ጄኔሬተሩ ጓሮ አስሎ እስኪነሳ
አልተንቀሳቀስኩም፤ ቁጥሬን እንዳልረሳ።
ጎን ክፍል ፈየራ በባትሪ ይሮጣል በጭንቀት፤
ማቀዝቀዣው ውስጥ አለ የሁለት ዓመት ልፋት።
መቶ አርባ ላይ ነበርኩ፤ ስልሳ ይቀረኛል፣
ቆጣሪው በአውራ ጣቴ ሥር ይሞቀኛል።

ነጩን ሕዋስ እስከ ሁለት መቶ መቁጠር፣
ከመሃል ጥገኛው ብቅ ሲል መስመር ማስመር፤
ስምንት ዓመት ሆነኝ፤ አንገቴ ተጣሟል፣
ዓይኔ ሐምራዊ አይቶ ሐምራዊ ያልማል።

መብራቱ ተመለሰ። ስላይዱ ላይ ያለው
ስም አይደለም፤ ቁጥር፣ በእርሳስ የተጻፈው፦
ሁለት፣ አንድ፣ ሰባት።
ስሙን አልናገርም፤ ፈርሜያለሁ፣ ቃል አለኝ፤
ለዚህ ግጥም ያህል «አባ ጨፌ» ልበለው፣ እንዲቀለኝ።

ከአሰንዳቦ ማዶ፣ ውሃው ከተኛበት፣
ግድቡ የድሮ ማሳውን ከዋጠበት፣
ዋንዛው ሥር ቁጭ ብሎ ጣቱን ሰጠኝና፦
«ምን ትፈልጊያለሽ ከእኔ? ሰውነቴ ጤና!
ባለፈው በኅዳር ብርድ ብርድ አለኝ፣
ሦስት ቀን ክኒን ዋጥኩ፣ አራተኛው ተሻለኝ፤
የቀረውን ቋጥሬ ለጎረቤቴ ሰጠኋት፣
እሷም ትንቀጠቀጣለች፤ እያየሁ ልተዋት?»

ወጋሁት። አልሸሸም። አንዲት ጠብታ ደም፣
ከምስር ፍሬ እንኳን በመጠን አትበልጥም።
መስታወት ላይ ስትረጋ ዓይኑን ሳይነቅል ቆየ።
«ደማችን ይሄዳል፤
ሁሌ ነው የሚሄድ።
መልሱን ያመጣልን ሰው ግን እስካሁን ማን አየ?»

«እኔ አመጣለሁ» አልኩ፤ ከአፌ ነው ያመለጠኝ፣
በበጀቱ መዝገብ ለቃል ርዕስ የለኝ።

እና ያገኘነው ይኽ ነው፣ በአጭሩ፦
ትኩሳቱ ሲበርድ አላለቀም ነገሩ።
ከደም የጠፋው ተባይ ጉበት ውስጥ ይተኛል፣
ሌላ ትንኝ ሳይነክስ ቀን ቆጥሮ ይነቃል።
አዲስ የሚመስለን የኅዳሩ ብርድ
የአምናው ነው፤ ከተኛበት ተነስቶ ወደ ደም የሚወርድ።
ባለሙያው ሁሉ ያውቅ ነበር ይኽን በመጽሐፍ፤
እኛ የቆጠርነው፣ «ደህና ነኝ» ካለን ሰው ስንቱ ተሸክሞ እንደሚያሳልፍ።

ጽሑፋችን ወጣ። የአሥራ አራት ሰው ስም አለው፤
የእኔው ምስጋና ላይ፣ ታች፣ በትንሽ ፊደል ነው።
አባ ጨፌ የለም። ሊኖርም አይችልም።
ከሥዕሉ በግራ አንዲት ጥቁር ነጥብ፤
እኔ ብቻ አውቃለሁ የዋንዛውን ጥላ ከሥሯ ማንበብ።

ቅዳሜ ዕለት በራሴ ገንዘብ ሚኒባስ ያዝኩ፣
ከጤና ኬላው ሲቲናን አስከትዬ ወረድኩ።
አጎበሩ ግቢው ውስጥ ተወጥሯል፤ ጫጩቶች ሥሩ አሉ፤
«ጭልፊት አስቸገረኝ» አለ፣ «እነሱስ ነፍስ አይደሉ?»

ነገርኩት። በአማርኛ ጀምሬ በኦሮምኛ ጨረስኩ፤
«ቲሩ» ብዬ ጉበቴን በልብሴ ላይ ዳሰስኩ።
ዝም ብሎ ሰማ። ዋንዛውን ነፋስ ነካ።
«ሳላውቅ አሳድሬ ኖሬያለሁ እንግዳ ለካ!
በእኛ ደንብ የእንግዳ ወጉ ሦስት ቀን ነው፤
ይኽኛው ስንት ዓመቱ? ማንስ ተቀበለው?»

ሲቲና ጣቱን ወጋች፤ መጀመሪያ ምርመራ፣
መድኃኒቱን የማይችል ደም አለና፣ አጣራች በተራ።
ከዚያ አሥራ አራት ፍሬ፣ ለአሥራ አራት ማታ፤
«ቢሻልዎትም ይዋጡ፤ ለጎረቤት የለም ስጦታ።»

«እሷስ?» አለ። «ጎረቤቴ? ቁጥር የላትም?»
መልስ አልነበረኝም።
በናሙናው ውስጥ እሷ የለችም።

ጥናቱ ተዘግቷል፤ የመጨረሻው ሦስት መቶ ነው።
ሲቲና እኔን አየችኝ፤ እኔ አጥሩን አየሁት።
ቦርሳዬ ውስጥ ያልተነካ ስላይድ አንድ ቀርቶ ኖሮ
እርሳሴን በጥርሴ ቀረጽኩት፤

ከማዶ በሩ ተከፈተ።